ክፉ ሰው ሆኖ መጫወትና የባልንጀራ አደራ



ባለፈው የክረምት ወራት በአንድ የወጣቶች ስብሰባችን ላይ የተነሣ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ከአእምሮአችን አልወጣም። ጥያቄውን ያቀረበው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በትምህርተ ክርስቶስ ያሳደግነው፣ ዛሬም ከመዘምራን ጋር የሚያገለግል ወጣት ነው። «በጨዋታ ውስጥ ሌላ ሰው ሆኜ ያደረግሁትን ክፉ ነገር ለካህን መናዘዝ ይገባኛልን?» ሲል ጠየቀን። ከመካከላችን ፈገግ ያለ ነበር። ነገር ግን ከጥያቄው በስተ ኋላ የተጎዳ ሰው ስለ ነበረ፣ ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። እኛም በዚያ ጉዳት ድርሻ ስላለን፣ ያሰብነውን ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለማካፈል ይህን ጽፈናል።

ነገሩ እንዴት ነበር?

በቁምስናችን የሚሰበሰቡ ወጣቶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አላቸው። ያመጣላቸው ባሕር ማዶ ከሚኖር ዘመዱ የተማረ ተማሪ ነው። አምስት ወይም ስድስት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆንና የታሪኩን ቦታና ጊዜ ይነግራቸዋል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ። አስቀድሞ የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም። ተራኪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እነርሱም በሚናቸው ሆነው ይመልሳሉ። የነገሩ ፍጻሜ ሲያጠራጥር ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ ጠጠር ይጥላሉ። በዚህ ጨዋታ አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ፍሬው አብረው የሠሩት ታሪክ ነው።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ በዓለም የታወቀው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ካወጡ ወዲህ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር ብዙ ክርስቲያን ወላጆች ጨዋታው ልጆቻችንን ወደ ጥንቆላ ይመራብናል ብለው ፈርተው ነበር። እኛ በቁምስናችን ያየነው አደጋ ግን ከዘንዶውና ከአስማቱ ዘንድ አልመጣም፤ የመጣው በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ባልንጀሮች መካከል ነው። በዚያ ጨዋታ በኋላ በተስፋፋው ሥርዓት እያንዳንዱ ተጫዋች ለገጸ ባሕርዩ ከዘጠኝ የጠባይ ዓይነቶች አንዱን ይመርጥለታል፤ ደግ ወይም ክፉ፣ ሥርዓት አክባሪ ወይም ሥርዓት የለሽ፣ ወይም በመካከል ያለ። ከእነዚህም ውስጥ ወጣቶች እጅግ የሚወዱት አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ለደግነትም ለክፋትም፣ ለሕግም ለማንም ያልታሰረ፣ ዛሬ የሚያደርገው ነገ የማይታወቅ ሰው ነው።

የእኛ ልጆች ታሪኩን ወደ አገራቸው አመጡት። በጥንት ዘመን ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው፣ በደጀን ቁልቁለት ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው፣ ወደ ሸዋ የሚሻገሩ ሲራራ ነጋዴዎች ሆኑ። አንዱ ነጋድራስ፣ አንዱ ደብተራ፣ አንዲቱ ከባሏ ሞት በኋላ ንግዱን የያዘች ሴት፣ ሌላው ደግሞ መንገድ መሪ ሆነ። መንገድ መሪውን የያዘው ያ ጥያቄ ያቀረበልን ወጣት ነው፤ የመረጠለትም ያንን የማይታወቀውን ጠባይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ተራኪ ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ የቀረነውም ቆመን እናይ ነበር።

በበረሃው መካከል መንገድ መሪው ባልንጀሮቹን ለሽፍቶች ሸጣቸው። ሁሉም በድንጋጤ ጮኹ፤ ጨዋታው ሞቀ። ከዚያም ወጣቱ የሽፍቶቹን ድምፅ እያስመሰለ ለታጋቾቹ ቤተ ሰብ የገንዘብ መልእክት ይልክ ጀመር፤ የታጋቹን ልመናና ልቅሶም ያስመስል ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ ነጋዴይቱን ሆና የምትጫወት ልጅ ተቀምጣ ነበር። ከቤተ ሰቧ አንድ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት በመንገድ ላይ ታግቶ፣ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎበት የተመለሰ ነው። ይህን ወጣቱ ያውቅ ነበር፤ እኛም ሁላችን እናውቅ ነበር። ልጅቱ ጥቂት ታገሠች፤ ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ወጣች። «ምን ሆነሽ ነው?» ተብላ ስትጠራ አልመለሰችም። ወጣቱም «እኔ አይደለሁም እኮ! ገጸ ባሕርዬ ነው፤ እርሱ እንዲህ ያለ ሰው ነው» አለ። በሚቀጥሉት እሑዶች ልጅቱ ከጨዋታውም ከመዝሙሩም ቀረች።

ከዚህ በኋላ በመምህራን መካከል ሁለት አሳብ ተነሣ። አንዳንዶቻችን ጨዋታው ፈጽሞ ይቅር አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ጨዋታው ይኑር፣ ነገር ግን ሁሉም ደጋግ ሰዎችን ብቻ ይጫወቱ አልን። ነገሩን ከመረመርን በኋላ ግን ሁለቱም አሳብ ትክክል ሆኖ አልታየንም። ምክንያታችንን በተራ እናቀርባለን።

ሌላውን ሰው መስሎ መናገር ሐሰት ነውን?

አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ያልሆነውን ሆኖ የሚናገር ሰው ይዋሻልን? ቅዱስ አውግስጢኖስ ከጥምቀቱ በፊት ባለው ጊዜ፣ በ386 እና በ387 ዓመታት መካከል፣ «ከራስ ጋር ንግግር» በሚባለው መጽሐፉ ይህን ነገር መርምሮታል። ሮስኪዩስ የተባለውን የሮም ተዋናይ ምሳሌ አድርጎ ሲያስረዳ፣ ይህ ሰው በመድረክ ላይ የትሮያን ንግሥት ሄኩባን ሲሆን ሐሰተኛ ሄኩባ ነው፤ ነገር ግን በባሕርዩ እውነተኛ ሰው፣ በሥራውም እውነተኛ ተዋናይ ነው ይላል። እውነተኛ ተዋናይ ለመሆን ሐሰተኛ ሄኩባ መሆን ግድ ሆነበት። ሐሰት ማለት ሌላውን ለማታለል አስቦ መናገር ነውና፣ ተናጋሪውም ሰሚውም ጨዋታ መሆኑን በሚያውቁበት ስፍራ የሚታለል የለም።

የእኛም ቋንቋ ይህን ያውቃል። በግዕዝ «ተዋነየ» ማለት ተጫወተ ማለት ነው፤ ተውኔትና ተዋናይ የሚሉት ቃላት ከዚህ ይወጣሉ። የጎጃም የቅኔ ትውፊትም ከታላላቅ ባለ ቅኔዎቹ አንዱን፣ ስሙ ከጎንጅ ጋር የሚነሣውን፣ ተዋናይ ብሎ ይጠራዋል። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ ሊቃውንት ሲያስተምሩት በኖሩት ቅኔ ሰሙ አንድ ነገር ይላል፤ ወርቁ ሌላ ነገር ይላል። ባለ ቅኔው ስለ ሰሙ ውሸታም አይባልም። ወርቁ የሌለበት ሰም ይዞ የቀረበ ተማሪ ግን ቅኔ አልተቀኘም። በሚና ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሰሙ ነው፤ ተጫዋቹና በእርሱና በባልንጀሮቹ መካከል ያለው ፍቅር ወርቁ ነው። መንገድ መሪው ከዳተኛ ቢሆን ሰሙ ነው፤ ተጫዋቹ ከዳተኛ ሲሆን ግን ወርቁ ጠፋ።

ቅዱሳት መጻሕፍትም የሚና ጨዋታን ያውቁታል። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 ኢዮአብ ከቴቁሔ አንዲት ብልህ ሴት አስመጥቶ፣ የሐዘን ልብስ አልብሶ፣ የምትናገረውን ነግሮ ወደ ንጉሥ ዳዊት ይልካታል። እርስዋም ልጇን የገደለባትን ሌላውን ልጇን ለመግደል ዘመዶቿ የተነሡባት መበለት ሆና ትናገራለች፤ ንጉሡም በዚህ ምክንያት ወደ ተሰደደው ልጁ ወደ አቤሴሎም ልቡን ይመልሳል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ነገሩን ጠርጥሮ በእውነት እንድትነግረው በጠየቃት ጊዜ፣ ሴቲቱ ሚናዋን ወዲያው ትታ በራሷ ስም መለሰችለት፤ የላካት ኢዮአብ መሆኑንም አልደበቀችም። ሚናዋን እንዴት እንደምትይዝ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደምትተው ታውቅ ነበር። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ነገሩ የማይታወቅ ሰው ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ መጫወት ከተፈቀደ፣ ደጋጎችን ብቻ መጫወት አይሻልምን? አይሻልም እንላለን። ሰው በእውነት እንደምን ያለ እንደ ሆነ ወንጌል አይደብቅልንም። ቅዱስ ጴጥሮስ በአንዲት ሌሊት እስከ ሞት ለመከተል ማለ፣ ሰይፍም መዘዘ፣ ካደም፣ አለቀሰም። ቀራጩ ዘኬዎስ ከዛፍ ሲወርድ ግማሽ ሀብቱን ይሰጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም በመጨረሻይቱ ሰዓት ምን እንደሚናገር ማን ያውቅ ነበር? ለወጣቶቻችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግ የሆኑ ሰዎችን ብቻ ብናሳያቸው፣ ራሳቸውን በታሪኩ ውስጥ አያገኙትም፤ ፈተናም ሲደርስባቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ይሆናል። በሕማማት ሰሙን ተውኔት ስናዘጋጅም ይሁዳን ለመሆን የሚፈቅድ ሰው ማግኘት እጅግ ያስቸግረናል። ነገር ግን ያለ ይሁዳ ያ ተውኔት አይቆምም፤ ያን ሚና የሚቀበል ልጅ ባልንጀሮቹን ያገለግላል።

በዚሁ በአገራችን የተወለደ ታላቅ ድርሰትም ይህን ያስተምረናል። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በጎዛምን የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣን አቁመዋል። የዲማ ሰው ይህን ሰው እንደ እብድ ይቆጥረዋል፤ በድግስ መካከል ምን እንደሚናገር፣ ማንን እንደሚነቅፍ አይታወቅምና። ይሁን እንጂ መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ሰው፣ በዚያ ሁሉ መካከል ሊታመን የሚችለው እርሱ መሆኑን ያስተውላል። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አልተዋቸውም። ሥራው ለጎረቤቶቹ ያልታወቀው ምክንያት ስለሌለው አይደለም፤ ምክንያቱ ከእነርሱ አሳብ ይልቅ ጠልቆ ስለ ተቀመጠ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት የማይታወቅ ሰው አለ ማለት ነው። አንደኛው ሥሩ ስለ ጠለቀ የማይታወቅ ነው፤ ሁለተኛው ሥር ስለሌለው የማይታወቅ ነው። የመጀመሪያው ታሪኩን ያበለጽገዋል፤ ሲገለጥ ሁሉም «ለካ እንዲህ ኖሯል!» ይላሉ። ሁለተኛው ግን በየጊዜው ባልንጀሮቹ የሠሩትን ያፈርሳል፤ እነርሱም በእርሱ ላይ ምንም መሥራት አይችሉም። ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፈልገው ሁለተኛውን ይይዛሉ። ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት «ይህ ሰው የሚፈራው ምንድር ነው? የሚወደውስ ማንን ነው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ የገጸ ባሕርዩ ሥራ ለሌሎች ድንገተኛ ቢሆንም ከንቱ አይሆንም።

ይህንኑ መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት፣ የጉዱ ካሣን ምሬት፣ የሰብለን ሐዘን ያሰማን አንድ ሰው ነበር። በፊታውራሪው ድምፅ ሲቆጣ የሰማ ሁሉ በፊታውራሪው ላይ ተቆጣ፤ በወጋየሁ ላይ የተቆጣ ግን አልነበረም። ክፋቱን ለታሪኩ እንጂ ለራሱ እንዳልተጠቀመበት ሁሉም ያውቅ ነበርና።

«እኔ አይደለሁም» ስለሚለው ቃል

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ደረስን። ወጣቱ ያን ቀን የተናገረው ቃል፣ እርሱ አይደለም ገጸ ባሕርዩ ነው ማለቱ፣ አዲስ ቃል አይደለም። አባታችን አዳም ስለ ፍሬው በተጠየቀ ጊዜ ወደ ሴቲቱ አመለከተ፤ ሴቲቱም ወደ እባቡ አመለከተች። ሁለቱም የተናገሩት ነገር በራሱ ሐሰት አልነበረም፤ ሴቲቱ በእርግጥ ሰጥታዋለች፤ እባቡም በእርግጥ አሳስቷታል። ጥፋታቸው እውነተኛውን ነገር መሸሸጊያ ማድረጋቸው ነው። የእኛም ወጣት መንገድ መሪው ከዳተኛ መሆኑን ሲናገር እውነት ነበረው፤ ነገር ግን ከእውነቱ በስተ ኋላ ተሸሸገ።

ገጸ ባሕርይ የራሱ ፈቃድ የለውም፤ የሚመርጥለት ተጫዋቹ ነው። መንገድ መሪው ነገሩ የማይታወቅ ሰው ከሆነ፣ በዚያች ሌሊት ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ብዙ ነበሩ። አሞሌውን ሰርቆ ሊጠፋ ይችል ነበር፤ ሽፍቶቹን ራሳቸውን ሊክዳቸው ይችል ነበር፤ ከሸጣቸው በኋላ ተጸጽቶ በሌሊት ገመዳቸውን ሊፈታ ይችል ነበር። እነዚህ ሁሉ ከጠባዩ ጋር የሚስማሙ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በአጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ቁስል የሚነካውን የመረጠ ገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ወጣቱ ነው። እንዲያውም ጠባዩ ያልተወሰነ ሰው የሚጫወት ተጫዋች ከሌሎች ይልቅ ነጻ ነው፤ ስለዚህም «ግድ ሆነብኝ» ለማለት ከሁሉ ያነሰ ምክንያት ያለው እርሱ ነው።

ለዚህም ነው የገጸ ባሕርዩ ነገር የማይታወቅ ሊሆን ይችላል፣ የተጫዋቹ ነገር ግን ሊታወቅ ይገባል የምንለው። ባልንጀሮቹ በመንገድ መሪው ላይ መተማመን አይገባቸው ይሆናል፤ መንገድ መሪውን በያዘው ወንድማቸው ላይ ግን ዘወትር መተማመን መቻል አለባቸው። ሚና ከባልንጀሮች የተቀበልነው አደራ ነው። በጨዋታው ውስጥ እንድናስፈራቸው፣ እንድናስደነግጣቸው፣ እንድንከዳቸው እንኳ ፈቅደውልናል፤ ይህን የፈቀዱልን ግን በእውነት እንደማንጎዳቸው አምነው ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በሠርግ ያውቁታል። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ የሙሽራይቱ ወገኖች በሩን ዘግተው በዘፈን ይከለክላሉ። እንደ ጠላት ይገፋሉ፤ ይሳለቃሉ፤ የመጡትም በጉልበት እንደሚገቡ ሆነው ይከራከራሉ። በሩ እንደሚከፈት ግን ሁሉም ያውቃል። ክርክሩ ሲሞቅ ሠርጉ ያምራል። አንዱ ከመካከል ተነሥቶ በእውነት ሰው ቢመታ፣ ወይም የሙሽራውን ቤት የቆየ ጉድ ቢያወጣ፣ «የበር ከልካይነት ሚናዬ ነው» ማለቱ ያድነዋልን? ሽማግሎች ወዲያው ይዘው ያስወጡት ነበር። ልጆችም በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያጣውን «አገር ስጠኝ» ይሉታል፤ አገሩን የተቀበለውም እንደ ጌታ ይንጎራደድበታል። ነገር ግን ሲነጋ ሁለቱ አብረው ከብት ያግዳሉ። የጨዋታው ጌትነት ከጨዋታው ጋር ያድራል።

የቅዱስ ቶማስ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በትምህርተ መለኮት ማጠቃለያው፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በጥያቄ 168፣ ስለ ጨዋታ ጽፏል። እዚያም ከአበው የተቀበለውን አንድ ታሪክ ያነሣል። ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩት ሰዎች ቅር አላቸው። እርሱም ከእነርሱ መካከል ቀስት የያዘውን ሰው ደጋግሞ እንዲወረውር ካደረገው በኋላ፣ ይህን ሳታቋርጥ ልታደርገው ትችላለህን ብሎ ጠየቀው፤ ሰውየው ቀስቱ ይሰበራል አለ። የሰውም ነፍስ ዕረፍት ካላገኘች እንደዚሁ ትሰበራለች አላቸው። ከዚህም የተነሣ ቅዱስ ቶማስ መልካም ጨዋታ ምግባር እንደ ሆነ፣ ራሱ የማይጫወት፣ የሌላውንም ደስታ የሚያከብድ ሰውም እንደሚያጠፋ ያስተምራል። የተዋናይነት ሥራም በልኩና ያለ ርኵሰት ከተሠራ በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ ጨዋታው ፈጽሞ ይቅር ያልን መምህራን ይህን ልናስብ ይገባን ነበር።

ይኸው ቅዱስ አባት ጨዋታን ከሦስት ነገሮች እንድንጠብቅ ይመክራል። አንደኛውና ዋነኛው፣ ደስታችንን ነውር ወይም ሌላውን የሚጎዳ በሆነ ቃልና ሥራ እንዳንፈልግ ነው። በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ የተሻረው ይህ ነው፤ ሳቃችን ከሰው ቁስል ላይ ተነሣ። ሁለተኛው፣ የአእምሮ ሚዛን ፈጽሞ እንዳይጠፋ ነው። በሚናው የሰከረ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው ፊት ማየት ያቆማል፤ ሚናውን የያዘው እርሱ መሆኑ ይቀርና ሚናው እርሱን ይይዘዋል። ሦስተኛው፣ ጨዋታው ለሰዎቹ፣ ለጊዜውና ለቦታው የተስማማ እንዲሆን ነው። የሽፍታ ታሪክ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በሌላ ዘመን፣ በሌላ ጠረጴዛ ማንንም ባልጎዳ ነበር። ሰዎች ስለ ወጣ ዘመዳቸው መመለስ በሚጸልዩበት ጊዜ ግን የታጋችን ልቅሶ ማስመሰል ጊዜውንም ሰዎቹንም መርሳት ነው።

እኛ ቆመን ያየነውም ከዚህ ፍርድ ነጻ አይደለንም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ሦስተኛ መጽሐፍ፣ በወጣትነቱ በካርታጎ የቲያትር ሐዘን ይወድ እንደ ነበር ይተርካል። በዚያ ተመልካቹ ለማዘን እንጂ ለመርዳት አይጠራም ብሎ ራሱን ይወቅሳል። በእኛ ላይ የደረሰው ከዚህ የባሰ ነው። የሌለውን ታጋች ልቅሶ እየሰማን ተደሰትን፤ በአጠገባችን ያለችውን እውነተኛይቱን ሐዘንተኛ ግን አላየናትም። ተራኪውም በአንድ ቃል ታሪኩን ወደ ሌላ መንገድ ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ጨዋታው ስለ ሞቀለት ተወው።

ለመምህራን የምናቀርበው ምክር

ከዚህ የተማርነውን ለሌሎች ቁምስናዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ባጭሩ እናስፍረው።

መጀመሪያ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ወጣቶቹ የማይነኩ ነገሮችን ይናገሩ፤ ምክንያቱን እንዲናገሩ ግን አይገደዱ። በቃል ለመናገር ለሚያፍር፣ ለተራኪው ለብቻው ይንገር።

ሁለተኛ፣ ማንም በማናቸውም ጊዜ ጨዋታውን ማቆም ይችል ዘንድ አንድ ቃል ወይም ምልክት ይስማሙ። ያ ምልክት በታየ ጊዜ፣ እንደ ቴቁሔይቱ ሴት ሁሉም ሚናውን ወዲያው ትቶ በራሱ ስም ይናገር። ሚናን ለመተው የማይችል ሰው ሚና ለመያዝ ገና አልደረሰም።

ሦስተኛ፣ ነገሩ የማይታወቅ ገጸ ባሕርይ የሚይዝ ተጫዋች ከሁሉ ይልቅ የታመነ ልጅ ይሁን። ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አስቸጋሪውን ልጅ አስቸጋሪውን ሚና እንሰጠዋለን። የክዳት ሚና የሚሰጠው ለማይከዳ ሰው ነው።

አራተኛ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ወጣቶቹ በየስማቸው ይጠራሩ፤ ጥቂት ይወያዩ፤ በጸሎትም ይለያዩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ፣ ገና ካሮል ቮይቲዋ ተብለው ሲጠሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ በናዚዎች በተያዘችው በክራኮቭ ከተማ ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር በስውር በየቤቱ ተውኔት ይጫወቱ ነበር። ቢያዙ ከባድ ቅጣት የሚጠብቃቸው እነዚያ ወጣቶች እርስ በርስ ካልተማመኑ አንድ ምሽት እንኳ ሊጫወቱ ባልቻሉ ነበር። በማናቸውም ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አደጋው ቢያንስም፣ ነገሩ ያው ነው።

ለጥያቄው የሰጠነው መልስ

ለወጣቱ እንዲህ ብለን መለስንለት። መንገድ መሪው ስለ ሠራው ክህደት ንስሐ መግባት አይገባህም፤ እርሱ የለምና፤ ክህደቱም ማንንም አልሸጠም። ነገር ግን የእኅትህን ቁስል እያወቅህ ስለ ነካህ፣ ስትነሣም ከሚናህ በስተ ኋላ ስለ ተሸሸግህ፣ ይህ የአንተ ነው፤ ወደ ካህን ይዘኸው ሂድ። ከዚያም በፊት ወይም በኋላ ወደ እርስዋ ሂድ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላልና፣ ጊዜ ያስረሳዋል ብለህ አትጠብቅ።

እርሱም ሽማግሌ ይዞ ወደ ቤቷ ሄደ፤ እኛም አብረን ሄድን፤ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛም ነበርንና። ወጣቱ ስለ ገጸ ባሕርዩ አንድ ቃል አልተናገረም፤ «እኔ በደልሁሽ» አለ። እርስዋ ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም፤ ይቅር ብያለሁ አለች፤ ፊቷ ግን ገና አልተፈታም ነበር። ከሁለት እሑድ በኋላ ወደ መዝሙር ተመለሰች። ወደ ጨዋታው ለመመለስ ግን አልፈለገችም፤ እኛም አላስገደድናትም። ይቅርታ ማድረግና እንደ ቀድሞው ደፍሮ መቀመጥ አንድ ነገር አይደሉምና።

ከብዙ ሳምንታት በኋላ ወጣቶቹ ታሪኩን ከተዉበት ከዓባይ ዳር ሲቀጥሉ፣ ልጅቱ መጥታ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች፤ ለመስማት ብቻ ነው አለች። መንገድ መሪውን ያው ወጣት እንደ ያዘው ነበር። ተራኪው «ወንዙ ደረስክ፤ ታጋቾቹ ታስረዋል፤ ሽፍቶቹ ተኝተዋል፤ ምን ታደርጋለህ?» አለው። ወጣቱ ከመመለሱ በፊት ቀና ብሎ የልጅቱን ፊት አየ። መንገድ መሪው ከዚያ በኋላ ያደረገውን መተረክ አያስፈልግም፤ እኛ ያን ቀን ልንማረው የሚገባንን ያስተማረን ያ አስተያየቱ ነበር።

ሁላችን በየቀኑ አንድ ሚና እንይዛለን፤ የአባትን፣ የመምህርን፣ የሹምን፣ የነጋዴን፣ የመዘምርን። ከእነዚህም በስተ ኋላ ተሸሽገን «ሥራዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ለማለት ሁላችን እንፈተናለን። በመጨረሻው ቀን ግን የምንጠራው በሚናችን ሳይሆን በስማችን ነው። በስማችን ስንጠራ አቤት ለማለት የማናፍር እንድንሆን እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።